«ደህና ነሽ?» ስትለኝ ደነገጥኩ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ አጵሎስ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሄራን ለፈተና እያጠናች ነው። ሙዙም ደርሷል፣ ዝንጀሮ ካስተረፈልን። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን በደወልኩ ቁጥር አጠገብህ አንድ ሰው ይስቃል። ስለዚህ ጽፌ በሹፌሩ በካሱ ላክሁት።

ፊልሙን አየሁት። ሙዚቃውን ልትሠራ አዲስ አበባ የሄድክለትን ማለቴ ነው። ቅዳሜ እዚህ ሲቀላ አዳራሽ ውስጥ ሲያሳዩ ከጎረቤታችን ከአበቡ ጋር ገባን። የድሮውን እኔና አንተ ሳንጋባ አብረን ያየነው ስለሆነ፣ እንደ አዲስ ሲሠሩት ምን አድርገውት ይሆን ብዬ ጓጉቼ ነበር። ሚስትየዋን አሳምረዋታል! ሃያ ዓመት በትዳር ኖራለች ይሉናል፤ ባሏ በገባ ቁጥር ግን ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሃያ ዓመት የኖረች ሴት እኮ «በሩን ዝጋው፣ ትንኝ ገባ» ነው የምትለው። የድሮዋ እንዲያ ነበረች፤ እኔም የወደድኳት ለዚያ ነው።

ይሁን፣ ይሄን እተወዋለሁ። ዘፈኑን ግን አልተውም።

አኩርፌ ወላጆቼ ቤት የገባሁ ጊዜ፣ አጥሩ ሥር ቆመህ በክራር የዘፈንክልኝን ነው ለፊልሙ የሰጠኸው። ያኔ ያልከው «ና ግባ፣ ቤትህ ጨለመ» ነበር። አባቴ ሰምተው «እኔን ነው እንዴ የሚጠራው?» ብለው ወጡ። የካምባ ልጅ ነህ፣ አፍህን የፈታኸው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ተምታታብህ። እየሳቅሁ ወጣሁና ታረቅን።

በፊልሙ ግን «ነይ ግቢ፣ ቤትሽ ጨለመ» ሆኗል። ቫዮሊን ገብቶበታል። ጭራሽ «መጣሁልህ» እያለች የምትቀበልህ ሴት አለች። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ የሷን ድምፅ አዳምጣለሁ። ማን ናት? የኔ አኳኋን ያላማራት አበቡ «ልክነሽ፣ ምን ሆነህ ነው? ለፊልም ብለው አርመውት ነው እኮ!» አለችኝ። አበቡ ሴቱን ሁሉ እንዲህ «አንተ» እያለች ነው የምታናግረው፣ አትመርጥም።

አንተ ግን ከሰው ጋር ስታወራ ትጠነቀቃለህ። ለባለሱቋ፣ ለሄራን አስተማሪ «አንቺ» ስትል አንድ ቀን አትሳሳትም። ቤት ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነው የሚምታታብህ። «ልክነሽ፣ በላህ?» ትለኛለህ። እንግዳ ካለ ይስቃል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ በጣም ደስ ይለኛል።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት በስልክ ምን አልከኝ? «ደህና ነሽ? በላሽ?» አንድም ስህተት የለበትም። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ያቺ ዘፋኝ አማርኛውን አቃናችለት ብዬ በገንኩ። ውዬ አድሬ ሳስበው ግን ከዚያ የባሰ ነገር ጠረጠርኩ። ተጠንቅቀህ አወራኸኝ፣ አጵሎስ። እንደ ሰው ሚስት።

ካሱ ይህን አድርሶልህ ከተመለሰ በኋላ፣ በሚቀጥለው ጉዞው አብሬው እመጣለሁ። መናኸሪያ ጠብቀኝ። እንዳየኸኝ ከአፍህ የሚወጣውን ሰምቼ ሁሉን ነገር አውቃለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሞኝ ነኝ፤ ይኸው ራሴ ጽፌ ነገርኩህ። አሁን «መጣህ?» ብትለኝ እንኳ ከልብህ ይሁን ከደብዳቤዬ በምን አውቃለሁ? አላምንህም።

የአዲስ አበባ ብርድ እንዳይመታህ ጃኬትህን ልበስ። እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

ባላምንህም «መጣህ?» በለኝ።

ሚስትህ ልክነሽ