ምስክር ፍለጋ እስከ ትክል ድንጋይ

ማክሰኞ

አልመጣም አሉ። ዋናው ምስክሬ አያ ጎበዜ ወገባቸውን ይዟቸው ከአልጋ አልተነሡም። ቀጠሮው ደግሞ ዓርብ ነው። የወይዘሮ አትጠገብን ሐረግ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥሮ የሚያስረዳ ሰው ካላገኘሁ፣ የእናታቸውን ርስት ጎረቤታቸው ደምሌ ይወስደዋል። "ከዘራችን አትቆጠርም" ነው የሚለው። ሴትዮዋ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚያ መሬት ሌላ ምንም የላቸውም።

ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው አጥተው ደጅ የሚውሉ ባላገሮች ስንቱን አየሁ። አዲስ አበባ ሕግ ተምሬ፣ ጠበቃ ሆኜ ወደ አገሬ ስመለስ ቅዳሜን በነፃ ለእነሱ ሰጠሁ። ባለቤቴ ግን "ቅዳሜህ ሳምንቱን በላው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ረቡዕ

በጭነት ማኪና ወይዘሮ አትጠገብ አገር፣ ትክል ድንጋይ ወረድኩ። ገበያው መሐል ሦስት ሽማግሌ አነጋገርኩ።

አንደኛው፦ አምስት ትውልድ ቆጥረው ቆሙ።
ሁለተኛው፦ የደምሌ አበልጅ ናቸው።
ሦስተኛው፦ ከሐረግ ጀምረው በበቅሏቸው ጨረሱ።

ወይዘሮ አትጠገብ ጥላቸውን ይዘው ዝም ብለው ሲከተሉኝ ዋሉ። ጫማዬ ጭቃ ጠግቦ ተመለሰ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ።

ሐሙስ

ከተማችን አራዳ፣ ቢሮዬ። ቀጠሮ ይራዘምልኝ የሚል ማመልከቻ እየጻፍኩ "ከአምስተኛው በላይ ማን ነበር?" ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ።

"ወልደ ጊዮርጊስ ነዋ" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ ከአግዳሚው ላይ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! ዘጠኝ ትውልድ። ማን ማንን አገባ፣ ማን የት ደብር ተቀበረ። ብዕሬ አልደረሰባቸውም።

"ምነው እስካሁን ዝም አሉኝ?"

"ማን ጠየቀኝ ጌታዬ? እርስዎ ሽማግሌ ይፈልጉ ነበር። እኔን እናቴ ናት በቃል ያስጠናችኝ።"

አፈርኩ። ሴት አትቁጠር የሚል ሕግ የለም። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ

ዳኛው ተናገር ሲሉኝ "ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይቁጠሩ" አልኩ። ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙና ጀመሩ። ስድስተኛው ስም ላይ የደምሌ ምስክር የሆኑት ሽማግሌ ሳይታወቃቸው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛው አይተዋቸው ኖሮ ቆጠራው ሲያልቅ ጠየቋቸው። "ግድፈት አለው?"

ሽማግሌው ደምሌን አላዩትም። "የለውም ጌታዬ። ሸጋ አርጋ ነው የቆጠረችው።"

ርስቱ ለወይዘሮ አትጠገብ ጸና! እልል ሲሉ ችሎት መሆኑንም ረሱት። እኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሬ ወጣሁ፤ እንደዚህ ደስ ያለኝ ሙግት ግን የለኝም።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ ደጄ በሰው ሞላ። ዝናዬ ጭልጋ ደረሰ ብዬ ኮቴን ደርቤ ኮራ ብዬ ወጣሁ። ከዚያው ከጭልጋ የመጡ አንድ አዛውንት ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ጠበቃዋ የለችም?" አሉ።

አረፍ ይበሉ አልኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይቀመጡ ብዬ በትክል ድንጋይ ማኪና ለወይዘሮ አትጠገብ መልእክት ልኬያለሁ። እሺ ይሉኝ ይሆን?