ደንበኛዋን አንቺ ነሽ የላክሻት?

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እኅቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልሽ ትሸነግይናለሽ? ባለቤትሽን ጋሼን ሥራው እንዴት ይዟቸዋል? ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ በረታች? ድንቡሼስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው፤ እማዬ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም።

ነገር ሳላበዛ ልጠይቅሽ። ባለፈው ወር ሱቅ የመጣችውን ባለመነጽር ሴትዮ አንቺ ነሽ የላክሻት? ጥርጣሬዬ ያለ ነገር አይደለም። የሱቁን ቁልፍ ሰጥተሽኝ ስትሄጂ፣ እጅህ ጥሩ ነው፣ አፍህ ግን ደንበኛ ያባርራል፤ ዓመት ልይህና በሱቁ ነገር እንነጋገራለን ብለሽኝ ነበር። ዓመቱ እየደረሰ ነው። በዚያ ላይ የጋሼ ያጎት ልጅ ሶፋ ቤታችን ላይ ዓይኑን ጥሏል አሉ። ማን ነገረህ አትበይኝ፤ ሰምቻለሁ።

ሴትዮዋ ሶፋ ላሠራ ብላ ገባችና ጥያቄዋን አዘነበችው። ሥራው ከዘገየ አስቀድመህ ትደውላለህ? የመረጥኩት ጨርቅ ቢጠፋ ሳታማክረኝ ሌላ ታለብሳለህ? እስኪ ያልኩህን መልሰህ ንገረኝ፣ አለችኝ። እትዬ፣ ይኼ ያንቺ አነጋገር ነው። ይህን ሁሉ ስትጠይቀኝ ደግሞ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ በዓይኗ ትለቅም ነበር።

ሰላይ መሆኗ ከገባኝ በኋላ አንደበቴ ማር ሆነላት። ወንበር ጠርጌ አስቀመጥኳት፤ የምትለውን ከአፏ ቀለብ እያደረግኩ መለስኩላት። ስፖንጁ ተቆረጠ፣ ጨርቁ ተሰፋ እያልኩ በየጊዜው ደወልኩ። ሰፊያችን እንኳ «ምን ነካህ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ሥራው አልቆ ልታይ ስትመጣ ግን አላስችል አለኝና፣ ለላከችዎት ሰላም ይበሉልኝ፣ ሥራዬንም እንዳዩት ይንገሩልኝ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ማንም አልላከኝም ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳ አለች።

እኔም ተነቃባት ስል ሰነበትኩ። ትናንት በሰፊያችን ስልክ ሞክሬ አገኘኋት። ያን ሁሉ የጠየቀችኝ የበፊቱ ሶፋ ሠሪ ወንበሯን ይዞ ስለጠፋባት ኖሯል። ሶፋው ለእናቷ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ስለነበር ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጡ መነሣት አይችሉም። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ አሁን እንደሚያሠራው ከመሬት አጣብቄ ሠርቼዋለሁ። ስንቴ ስደውል ማን ሊቀመጥበት እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አፈርኩ፣ እትዬ።

ዛሬ ጠዋት እግሮቹን ፈትቼ ረጃጅም ገጠምኩለትና ራሴ ቤታቸው አደረስኩት። እናትየዋ ተቀመጡ፤ ያለ ደጋፊ ተነሡ። ልጃቸው ሌላም የሚሠራ ወንበር አለኝ ብቻ አለችኝ፤ ፊቷ ግን ተፈቷል።

ጥርጣሬው ሙሉ ለሙሉ ለቆኛል አልልሽም። ከሰዓት የፍራሽ ዋጋ ሊጠይቅ የገባው ወጣት ሳቁ የጋሼን ያጎት ልጅ ይመስላል። ቢሆንም ማን ሊተኛበት እንደሆነ ጠየቅኩት።

የሚያንገበግበኝ ሰላይ መላክሽ አይደለም፤ ከላክሽ ስለ ሱቁ ታስቢያለሽ ማለት ነው። የምፈራው ዝምታሽን ነው። ስትደውዪ ስለ እማዬ ጉልበት ትጠይቂኛለሽ፤ ስለ ሱቁ ግን ትንፍሽ አትዪም። ልትሰጪው ቆርጠሽ ከሆነ ከሰው አልስማው።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬ ሳትበላ እንዳትውል ብላሻለች፤ ሰፊያችንም ናፍቃኛለች ብላለች። ቁልፉን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ የምመልሰውም ላንቺው ነው። ስለዚህ ራስሽ ነይ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሱቃችን የኋላ ክፍል፣ መጋቢት ፲፪ ቀን