የአውቶቡሱ የመጀመሪያ ተሳፋሪ

አሰላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰ.

አሁንም አልሄደም። ከስፌት መኪናዬ ፊት ሆኜ አየዋለሁ። አውቶቡሱ ከ12 ሰ. ጀምሮ አደባባዩ ላይ ሞተሩን እያጉረመረመ ቆሟል፤ ውስጡ አንድ ሰው የለም። ተሳፋሪማ ሞልቷል፤ ዙሪያውን ቆሞ። አንዱ ሸንኮራ ይልጣል፣ አንዱ የዘመድ ጤና ይጠይቃል፣ እንቁላል ሻጮቹ ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ያወራሉ። ደንቡ ሲሞላ መሄድ ነው። ቀድሞ የገባ ብዙ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይገባም። ብልጦች ነን።

በዚህ ብልጠታችን ናዝሬት የምንደርሰው ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ካለፈ በኋላ ነው። ባቡር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። የተቀቀለውን እንቁላል በመስኮት የሚገዛው የባቡር መንገደኛ ነበር። እሱ ሲያመልጣቸው ሴቶቹ ለቸርቻሪ በወደቀ ዋጋ ጥለው ይመለሳሉ። አንዳንዴም ቅርጫቱ እንደ ሞላ።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። ሁለት ዓመት ዋግ ስንዴውን በላው፤ ከዚያ ክረምቱ መንገዱን ቆረጠ፤ አውቶቡስም ቀረ። ዘንድሮ እህሉ ደህና ነው፣ አውቶቡሱም ከመስከረም ወዲህ ተመልሷል። እኔ ግን ዛሬም የምሰፋው የአሮጌ ልብስ ልጣፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ አዲስ ቀሚስ ያዘዘኝ የለም። ባለቤቴ አሰገደች ናዝሬት እንግባ ትላለች። ወንድሟ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ክፍል አግኝቶልናል፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል መልስ ይፈልጋል። እውነት አላት። እኔ ግን ከአሰላ መውጣት አልፈልግም። የጭላሎን ተራራ ሳላይ የሚነጋ ጧት አልወድም፤ ምክንያቴ ይኸው ነው።

3፡20። አሁን ሄደ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

የአውቶቡሱ ባለቤት መጥቶ ነበር። ሹፌሩን በሰው ፊት ተቆጣው። ሹፌሩም ጥሩምባ እነፋለሁ፣ የሚሰማኝ የለም፣ ጎትቼ ላስገባቸው ወይ ብሎ መለሰ። ባለቤቱ እስከ ሚካኤል ድረስ ባቡሩ ላይ መድረስ ካልጀመራችሁ መኪናዬን ወደ ሌላ መስመር እወስዳለሁ ብሎ ሄደ።

እንቁላል ሻጮቹን እናንተ ቅደሙ አልኳቸው። አንተ ቅደምና እንይ አሉኝ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ክር ልገዛ ስወርድ እኔም ከኋላ ጎማው አጠገብ ቆሜ ሌላ ሰው ስጠብቅ ነበር።

ተናድጃለሁ። አውቶቡሱ ከቀረ ናዝሬት መግባታችን ነው።

ጥቅምት 26፣ ከጧቱ 2 ሰ.

ስማ ደብተሬ። ጎረቤቴ ሐጂ አማን፣ እስላም ክርስቲያኑን የሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ካፊያ ያዛቸው። ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ከሹፌሩ ኋላ ቁጭ አሉ። ለማረፍ ብቻ። አንዷ እንቁላል ሻጭ አየቻቸው። ሐጂ ተቀምጠው እየጠበቁ እኛ ልንቆም ነው ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው። ሽማግሌ ማስጠበቅ ነውር ነዋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንበር ጠፋ። ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ ሐጂ ተነሥተው ወዴት ነው የምትወስደኝ፣ ቤቴ እኮ እዚያ ነው ብለው ወረዱ። ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ግን አንዴ ከተቀመጠ ማን ይወርዳል? 12፡25 ላይ ሄደ።

ወዲያው ቤታቸው ሄጄ ነገም ይቀመጡልን ብዬ ለመንኳቸው። ዐይናቸውን አጥብበው አዩኝ። "ኮቱ፣ ና ቁጭ በል እስቲ። ይኼን ያህል ዘመን ኖሬ ለአውቶቡስ ማባበያ ልሁን?" አሉ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደግሞ የአውቶቡሱ ወንበር ከቤታቸው መደብ እንደሚለሰልስ ነገሩኝ። እሺ ማለታቸው ነው።

ኅዳር 1፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም በ12 ሰ. ሄደ። ሐጂ እንደማይሳፈሩ አሁን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም እሳቸው ተቀምጠው መቆም የሚችል አልተገኘም። ሹፌሩ ጥሩምባውን ትቶታል። መንገድ ላይ ባለችው ሁሩታም የሚጠብቀው ሰው በዝቷል ይላል።

ሴቶቹ እንቁላላቸውን ሸጠው፣ በቅርጫታቸው ጨውና ተምር ይዘው እየተመለሱ ነው። አንዷ አቡጀዲ ገዝታ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ለልጇ ቀሚስ። በማግሥቱ ሁለት መጡ። ሻይ ቤቱ ለተሳፋሪው ሲል በጧት መክፈት ጀመረ፤ አናጢውን አግዳሚ ወንበር አዘዘ፤ አናጢው እኔን ሱሪ አዘዘኝ። እንዲህ ነው የሚዞረው፤ እንቁላሉ ሱሪ ሆነ። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅህም። ስሰፋ ማፏጨት ጀምሬያለሁ።

አሰገደች ግን የአንድ ሳምንት ገበያ ዓመት አይሆንም ትላለች። ክፍሉን በዐይኔ ልየው አለችኝ። ሂጂ አልኳት። 

ኅዳር 9፣ ከጧቱ 1 ሰ.

ጉድ ነበር። ሐጂን ጉንፋን ጣላቸው። አሰገደች የምትወርደው ደግሞ ዛሬ ነው። በቦታቸው እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ። ማንም አላፈረኝም። በመስኮት ደህና አደርክ ብለውኝ ወሬያቸውን ቀጠሉ።  እንደ ድሮው መሆኑ ነው ስል አሰገደች የሐጂን ከዘራ ይዛ መጣች። ወንበሬ ላይ አስቀምጪው ብለው ሰጥተዋታል። ተነሣሁ፤ ከዘራው ተቀመጠ። ሐጂ መጥተዋል ማለት ነው፣ አሁን ይመለሳሉ፣ ኧረ እንግባ ተባለ። ሞላ። ይህ ውሸት ይባላል? ከዘራው አልተናገረም፤ እኔንም የጠየቀኝ የለም። 12፡15 ሄደ።

ከዘራውን ከሐጂ ወንበር ላይ ለማንሣት የደፈረ ስላልተገኘ እሱም ናዝሬት ወረደ።

ኅዳር 10፣ ረፋዱ ላይ

አሰገደች ትናንት ማምሻውን ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ቆማ ነገረችኝ። ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ሰፊ፣ በሩ ወደ መንገድ። ነገር ግን እዚያ ከመድረሷ በፊት ከእንቁላል ሻጮቹ ጋር ባቡሩን ልታይ ቆማለች። ከቁራጭ ጨርቅ የሰፋኋትን የሕፃን ቀሚስ ለወንድሟ ልጅ ብላ በክንዷ ይዛ ነበር። አንዲት መንገደኛ በመስኮት ብቅ ብላ ሽጪልኝ አለቻት። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር እየሮጠች አቀበለቻት። ከቀጣዩ መስኮት ሌላዋ የኔስ እያለች እጇን ዘርግታ አለፈች።

ደጋግሜ አስነገርኳት። ሁሌም ካለፈ በኋላ ስለምደርስ ባቡር በዐይኔ አይቼ አላውቅም፤ የእጄ ሥራ ግን ድሬዳዋ ገባ። እጄን አገላብጬ አየሁት። አሰገደች አይታኝ ዐይኗን መለሰች፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ስንት ቀሚስ ልታደርስ ትችላለህ አለችኝ። ናዝሬት በየበረንዳው ልብስ ሰፊ ተቀምጧል፤ ለባቡሩ መስኮት የሚሰፋ ግን አላየችም። እሷ ትወርዳለች፣ እኔ እሰፋለሁ። አሰበችበት። ስትመለስ አውቶቡሱ ወንበር ላይ ሆና ነው ያሰበችው።

ሐጂ ተሽሏቸዋል። ከዘራዬ ሳያስፈቅደኝ አገር ዞረ እያሉ ነው። ሹፌሩም ጧት መልእክት ይዞ መጣ፤ ባለቤቱ መስመሩን አልነካም ብሏል።

አሁን ለወንድሟ ደብዳቤውን ጽፌ ጨረስኩ። እግዜር ይስጥልን፣ ክፍሉን ለሌላ ስጠው፣ እኛ እዚሁ ነን። ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከስሜ በላይ አተመች።