«የእኛ ይቆይ» ያሉት የሜዳው ሰፈር ፀጉር አስተካካይ

ጋሽዬ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት በከተማው ዳርቻ፣ አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ ደርሶ በሚዞርበት ሜዳ አጠገብ፣ አባታቸው በገዛ እጃቸው በገነቡት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሰፈሩ ያን ጊዜ ሽንኩርትና ካሮት የሚበቅልበት ማሳ ነበር። እናታቸው ይነግሩን እንደነበረው፣ ሕፃኑ ጋሽዬ ማልቀስ ከጀመሩ ዝም የሚሉት የአውቶቡሱን ሞተር ሲሰሙ ብቻ ነበር። እኛ የእህታቸው ልጆች «ጋሽዬ» እንላቸው ስለነበር በዚህ ጽሑፍም እንዲሁ እንጠራቸዋለን። በሌላ ስም ብንጠራቸው ዞር ብለው የሚያዩን አይመስለንም።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለዋል። የማጠናቀቂያውን ፈተና በራሳቸው ጥረት እንዳለፉ ማንም ሳይጠይቃቸው ደጋግመው ይናገሩ ስለነበር፣ ቤተሰቡ በነገሩ ላይ ትንሽ ጥርጣሬ አለው። ሙያቸውም የተጀመረው እዚያው ነው። በእናታቸው የልብስ መቀስ የክፍል ጓደኞቻቸውን ፀጉር ሲቆርጡ ከርመው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ጭንቅላት በሙሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ አገኙትና ወላጅ አስጠሩ። አባታቸውም ተቆጥተው ሲያበቁ ቤት ገብተው «በል እስቲ የእኔን ሞክረው» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡላቸው።

ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በከተማው መሀል ተቀጥረው ሙያውን በወጉ ከተማሩ በኋላ፣ ወደ ሰፈራቸው ተመልሰው ከአውቶቡስ መዞሪያው ፊት ለፊት የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ሰፊ መስታወትና ጠርዙ የተሸረፈ የእጅ መታጠቢያ ያላት ክፍል ነበረች። ጨዋታ ሲጥማቸው መቀሱ አየር ላይ ስለሚቆም፣ የቸኮለ ሰው ወደዚያች ቤት አይገባም ነበር። ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ክርክር ሲያዳምጥ ያረፈደ ደንበኛ ዛሬ ሊሸኛቸው መጥቶ እዚሁ መካከላችን ቆሟል።

ከባለቤታቸው፣ እኛ እትዬ ከምንላቸው ነርስ ጋር የተዋወቁት እትዬ አባታቸውን ሊያስላጩ ይዘው በመጡ ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን የአባትየው ጢም ከመቼውም በላይ ቶሎ ቶሎ ያድግ ነበር ይባላል። በዓመቱ ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እትዬ የሚሠሩበት ሆስፒታል ከከተማው ማዶ ነው። ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ይሄዳሉ፣ ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ይመለሳሉ። ማታ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሳይበሉ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ጊዜ ብዙ ነበር። ስለዚህ ከተማው የምድር ውስጥ ባቡሩን ወደ ዳርቻ ሊያራዝም ነው የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ ጋሽዬን «ውጣና ስለ እኛ ተናገር» ብለው የገፋፏቸው እትዬ ናቸው። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ወይ ወደ ሜዳው ሰፈር፣ ወይ ወደ ኮረብታው ሰፈር። የሜዳው ነዋሪዎችም ጋሽዬን ተከራካሪያቸው አድርገው መረጡ።

የኮረብታውን ሰፈር ወክለው የቀረቡት ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበሩ። ሁለቱ በምክር ቤቱ አዳራሽ ወራት ሙሉ ተጋጠሙ። ጋሽዬ የሜዳው ሕዝብ በቁጥር ይበልጣል ሲሉ፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ የኮረብታው መንገድ በአንድ ዝናብ ይዘጋል ይላሉ። ጋሽዬ ሜዳ መቆፈር ይቀላል ሲሉ፣ ሴትየዋ «እንግዲያው ለቆፋሪው ነው እንጂ ለተሳፋሪው አይደለም የሚሠራው» ይላሉ። በመጨረሻ ሴትየዋ ተናደው «አንድ ጠዋት እኛ ጋ መጥተው ወረፋ ይያዙና ከዚያ ይከራከሩኝ» አሏቸው። ጋሽዬ በነገር ተሸንፈው ቤታቸው የሚገቡ ሰው አልነበሩምና በማግስቱ ሄዱ።

እዚያ ያጋጠማቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩት ኖረዋል። ፌርማታው ላይ ሰው ጥቂት ነው። መሬቱ ላይ ግን ድንጋይ፣ ባልዲ፣ ጀሪካንና የአንድ እግር ጫማ ተደርድሯል። ጋሽዬ ቀድሜ ደረስኩ ብለው ደስ እያላቸው ከፊት ሲቆሙ አንዲት ሴት ጮኹባቸው።

«ምነው አባቴ፣ ወረፋ አለ እኮ! ድንጋዩን ቀደሙት!»

«ድንጋዩ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ዳቦ ጋጋሪዋ ናታ! ልጆቿን ቁርስ ልታበላ ገባ ብላ ነው።»

ጋሽዬ ይቅርታ ጠይቀው ከጫማው ኋላ ተሰለፉ። አውቶቡስ ሲመጣ የድንጋዩም የባልዲውም ባለቤት እየሮጠ መጣ፤ ግማሹ ተሳፈረ፣ ግማሹ ቀረ። የቀሩት ሳያማርሩ ዕቃቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ጋሽዬን የነካቸው ይህ ነበር፤ አለማማረራቸው።

ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን የሜዳው ሰው ጋሽዬን አጅቦ አዳራሹን ሞላው። እሳቸውም ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እኛ ዘንድ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ነው። እነሱ ዘንድ ድንጋይ ነው። የእኛ ይቆይ» ብለው ተቀመጡ። ባለ መድኃኒት ቤቷም ያዘጋጁትን የንግግር ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መስመሩ ለኮረብታው ተፈቀደ። የሜዳው ሰፈርም ጋሽዬን «አቶ ይቆይ» ብሎ ሰየማቸው። ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ «ይቆይ» ይባላሉ፤ ደንበኞቻቸውም አኩርፈው መንገድ ዳር ወደተከፈተው ሌላ ፀጉር ቤት ገቡ። ያ ፀጉር አስተካካይ እጁ ያልተፍታታ ስለነበር፣ ኩርፊያው የቆየው የተበላሸው ፀጉር እስኪያድግ ድረስ ነው። የቤታቸው ግን እንዲህ በቀላሉ አልበረደም። እትዬ ሳይጮኹ፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ለእነሱ አዘንክላቸው፤ እኔስ?» አሏቸው።

በማግስቱ እትዬ ወደ አውቶቡሱ ሲወጡ ባላቸውን ከሰልፉ ፊት ቆመው አገኟቸው። ጎረቤት «እርስዎ ደግሞ ዛሬ ወዴት ነው?» ሲላቸው «የትም አልሄድ። የእሷ ድንጋይ ነኝ» ብለው ለእትዬ ቦታቸውን ለቀቁ። እትዬ ቁርሳቸውን ቁጭ ብለው በልተው መውጣት የጀመሩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ጋሽዬ በዝናብም በብርድም፣ ጉልበታቸው ባበጠ ጊዜ በከዘራ፣ እትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወረፋ ይዘውላቸዋል። እትዬ ጡረታ በወጡ ማግስት እንኳን ጋሽዬ በልማድ ሄደው ቆመው ነበር፤ መቆማቸው በከንቱ እንዳይቀር ወረፋውን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጥተው ተመለሱ።

የሜዳውንም ጉዳይ አልተዉትም። እያንዳንዱ አዲስ ምክር ቤት ሲመረጥ ሄደው «ቆይቷል፣ አሁን ይምጣ» ይሉ ነበር። ከጎናቸው የሚቆሙት ደግሞ ባለ መድኃኒት ቤቷ ነበሩ። የኮረብታው ሰዎች በአዲሱ ባቡራቸው ተሳፍረው እየመጡ አዳራሹን ሲሞሉ፣ ስለ ሜዳው የሚናገሩት የሜዳው ሰዎች ብቻ መሆናቸው ቀረ። ባለፈው ዓመት መስመሩ ተፈቅዶ ቁፋሮው ተጀመረ፤ ጣቢያውም በአሮጌው አውቶቡስ መዞሪያ፣ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት እንዲሆን ተወሰነ።

በዚያው ዓመት ጋሽዬን የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪሞችም፣ ልጆቻቸውም፣ ከሁሉ በላይ እትዬ በሚገባ አስታመሟቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቀን ከራስጌያቸው የነበረው የውሃ ብርጭቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏቸው ወደ በር ሲሮጡ፣ ጋሽዬ ለወራት ያልሰማነውን ሳቅ ሳቁና «አትደንግጪ፣ ደረሱልሽ!» አሏቸው። መቆፈሪያው ማሽን ከቤታቸው ሥር እያለፈ ነበር። እትዬ ተመልሰው አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ብርጭቆው ጸጥ እስኪል ድረስ አዩት። አልጋው ዙሪያ የነበርነው እኛ አለቀስን፤ የደስታ ነበር።

ጋሽዬ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ እትዬ አጠገባቸው እንዳሉ፣ በሰላም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና እኛን የእህታቸውን ልጆች፣ ዛሬ ከኮረብታው በባቡር የመጡትን ባለ መድኃኒት ቤቷንና አብረዋቸው የመጡትን ሁሉ፣ እንዲሁም ግማሽ ጢሙ የተላጨውን ወዳጃቸውን ትተው አልፈዋል። ለአስተዛዛኞች ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ይህ ጽሑፍ አልቆ ለእትዬ ሲነበብላቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ አንድ ነገር እንዲጨመር አዘዙ። «ጥሎኝ ሄደ ብላችሁ እንዳትጽፉ» አሉ። «እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ወጣ። ወረፋ ሊይዝልኝ ነው።»

እንዳሉት ይሁን። ፈጣሪ የጋሽዬን ነፍስ በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእትዬም ዕድሜ ሰጥቶ በመጀመሪያው ባቡር ለመሳፈር ያብቃቸው።