ስለታጠረው የከሰል ክምርና ስለተከለከለው ቦያችን

ለተከበሩ የማዕድን ሀብት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን ለእርስዎ፣ ለባለሙያዎችዎና በቅርቡ ሽቦ ለታጠረለት ክምር የተሟላ ጤና እንመኛለን። እኛ በመካነ ሰላምና በከላላ መካከል፣ በአቦ ሜዳ፣ ከክምሩ ቁልቁል የምንኖር ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ዝናቡ እስኪጠነክር ድረስ ደኅና ነን።

የድንጋይ ከሰል ያወጣ የነበረው ድርጅት ሥራውን ሲያቆም መኪኖቹን ይዞ ሄዶ፣ ለእኛ ከጣራችን በላይ የሚታይ የጥቁር አፈርና የድንጋይ ትራፊ ትቶልናል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ እየናደ ወደ መንደራችን ስለሚያወርደው፣ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ክርስቲያኑም እስላሙም ደቦ ወጥተን ከሥሩ ቦይ እንቆፍራለን፤ ጎርፉም በቦዩ ታጥፎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ዘንድሮ ይህን ቦይ እንዳንቆፍር ስለከለከሉን፣ ምስጋናችንን በተራ እናቀርባለን።

፩ኛ. ስለ ፈጣን ምላሽዎ። ክምሩ ምንጫችንን እያጠቆረ ነውና ይነሣልን እያልን ደጅ በጠናንባቸው ዓመታት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ጥቅም የሌለው አፈር ባለቤት የለውም ሲል ይመልስልን ነበር። ባለፈው ጥቅምት ተመራማሪዎች መጥተው ከአፈሩ ዘግነው ሄዱ፤ ለስልክና ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የሚሆኑ ብርቅዬ ማዕድናትም አገኘንበት ባሉ ሰሞን ባለቤቱ ሽቦ ተሸክሞ ከተፍ አለ። ለካስ ክምሩ ወላጅ አላጣም፤ ወላጁ ልጁ እስኪከብር ይጠብቅ ኖሯል።

፪ኛ. ስለ አርቆ አሳቢነትዎ። ተመራማሪዎቹ ማዕድኑ በብዙ አፈር ውስጥ ያለ ቅንጣት መሆኑን፣ ለመለየትም አሲድ፣ ብዙ ውኃና ፋብሪካ እንደሚያስፈልግ፣ ያዋጣ አያዋጣ እንደሆነም ገና እንደሚጠና ሳይደብቁ ነግረውናል። እርስዎ ግን ጥናቱንም ፋብሪካውንም ሳይጠብቁ ከአጥሩና «መግባት፣ መቆፈርና መነካካት ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ጀመሩ። ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ውስጥ እስካሁን የደረሰን ሽቦውና ሰሌዳው ብቻ ቢሆንም፣ የሰሌዳው አቀባብ እንዳማረ መመስከር ይገባናል።

፫ኛ. ስለ ስብሰባው። ባለሙያዎ በቀበሌው አዳራሽ ቦዩ የሀገር ሀብት ያናጋል ብለው ሲያስረዱ፣ ቤቷ ለክምሩ ከሁሉ የቀረበው ወይዘሮ አልታየች ተነሥታ፣ «የኔ ጌታ፣ ሀብቱን እናንተው ጠብቁት፣ ሐላል ይሁንላችሁ፤ እኛ ጎርፉን እንጠብቅ» አለች። ባለሙያዎም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንድታነብ መከሯት። «እኔስ አነበብኩት፤ ለጎርፉ ማን ያንብብለት?» ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ ሲስቅ ባለሙያዎ ሳቁን እንደ ስምምነት በቃለ ጉባኤ ማስያዛቸውን ስናይ፣ ማዕድን ከማይገኝበት ማውጣት እንደሚቻል ያን ጊዜ ገባን።

የአልታየች ቤት ልጇ ሄለን ጅዳ በሰው ቤት እያገለገለች ያሠራችው ነው። ሄለን ከሄደች ወዲህ ቤቱን ያየችው በስልክ ነው፤ እርስዎ በሚጠብቁት ማዕድን በተሠራ ስልክ መሆኑ ነው። እናቷ አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ጓዳዋን እንጂ ክምሩን እንዳታሳያት ትጠነቀቃለች።

፬ኛ. አንድ ጥያቄ። ክምሩ የጽሕፈት ቤትዎ ከሆነ፣ ከክምሩ የሚወርደውስ የማን ነው? እስከ አጥሩ ድረስ ሀብት፣ ከአጥሩ በታች የአምላክ ቁጣ የሚሆንበት መመሪያ ካለ ቢልኩልን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያነበዋል።

ክቡርነትዎን በሥራ ብዛት ላይ ሥራ ስለጨመርንብዎ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ወንበርዎ እንደ ክምሩ ከሰው ሁሉ በላይ፣ እንደ ክምሩ ሳይሆን ደግሞ የማይናድ እንዲሆን ከልብ እንመኛለን።

ስለ ቁልቁለቱ ነዋሪዎች፣
ይሄነው ክንፈ
አቦ ሜዳ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለሰኔ ዝናብ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ሳይላክ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰማዩ ስለጠቆረ ደቦ ወጥተን፣ በሽቦው ሥር ገብተን ቦዩን ቆፍረናል። ጥበቃዎ አዩብ ለምን አላስቆማቸውም ብለው እንዳይቆጡት፤ የእናቱ ቤት ከአልታየች ቤት ቀጥሎ ስለሆነ፣ እጁን አካፋ ይዞበት ነበር። ቦዩን የሚደፍን ሰው ለመላክ ካሰቡ፣ ከክምሩ በታች ቤት የሌለው ይሁን። በዚህ አካባቢ ፈልገን ያገኘነው አንድ ሰው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ አካፋ አዘጋጅተን እንጠብቅዎታለን።