ሄድፎን ወይስ ስፒከር

ሰኞ

የግራ እጄ ጣቶች ነደዱ። ከቢሮ እንደገባሁ ቤዝ ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩና ልምምድ ጀመርኩ። ብዙም አልገፋሁም። የድሮው ጠንካራ ቆዳ ከጣቶቼ ጠፍቷል። ደግሞስ ያለ አምፕሊፋየር ምኑ ይሰማል? አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ነው የሰማሁት፣ በአጥንቴ።

የማቴዎስ ጦስ ነው። በወጣትነታችን በመንደራችን በላንቴ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ እሱ ኪቦርድ፣ እኔ ቤዝ ነበርን። ባለፈው ሳምንት ደወለ። «አስቴር፣ የድሮዎቹ ልንሰበሰብ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የምስጋና ቀን አንድ መዝሙር እንዘምራለን። ቤዙ ያንቺ ነው።»

«ማቴ፣ ከተውኩት ወዲህ እኮ ልጆች ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ልኬያለሁ!»

«መዝሙሩ ያው ነው፣ አልተቀየረም» ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ቤዙን ከቤት ይዤ ታች ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። የኤሌክትሮኒክስ ቤቱ ሰውዬ ወገቤ የሚደርስ ስፒከር አሳየኝ። መብራት ያበራል፣ ፍላሽ ይወስዳል። «እቤት ነው የምለማመደው» ስለው ትንሽ የጊታር አምፕሊፋየር ሰካልኝ። ወፍራሙን ክር ስነካው ጣሳ ውስጥ እንደገባ ጢንዚዛ ጮኸ። ማቴዎስ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ የተራ ጊታር አምፕሊፋየር ቤዝ አይችልም፣ ስፒከሩ ይበላሻል ብሎ። አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ ወደ ሴቻ ስመለስ፣ ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ የድሮው ስፒከራችን ትዝ አለኝ። ቁም ሳጥን ነበር የሚያክለው። ወንዶቹ በጋሪ ጭነው በሙዝ እርሻው መሀል ሲያመጡት እኛ ሴቶቹ እንዳይወድቅ ከኋላ እንደግፋለን። ጄኔሬተሩ ተነስቶ መጀመሪያ የሚሰማው የኔ ቤዝ ነበር። ከአባያ ሐይቅ የሚመለሱት ዓሣ አጥማጆች እንኳ ሰምተው «ዛሬ ፕሮግራም አለ» ይሉ ነበር ይባላል። ማጋነን ሳይሆን አይቀርም። ግን ደስ ይለኛል።

ረቡዕ

ማቴዎስ ከወዳጁ የሙዚቃ ዕቃ ቤት ሁለት ነገር ይዞልኝ መጣ። አንዱ ወንበር ሥር የሚገባ የቤዝ አምፕሊፋየር ነው። ሌላው የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ናት፣ ቤዙ ላይ ተሰክታ በሄድፎን ብቻ የምታሰማ። «ሁለቱንም ሞክሪ፤ የወደድሽውን አስቀሪ፣ ሌላውን እመልሳለሁ።»

በአምፕሊፋየሩ ጀመርኩ። ሆዴ ድረስ ገባ! ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ከጎንደር ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ። የምንለያየው በአንድ ግድግዳ ነው።

«አስቴርዬ፣ ግድግዳው ነው የሚያጉረመርመው ወይስ ደም ግፊቴ ነው?»

አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ነቀልኩት።

ሐሙስ

ዛሬ በሄድፎን። ጥርት ያለ ነው፤ ጣቴ ስትሳሳት ሁሉ ይሰማኛል። ከስልኬ መዝሙር ከፍቼ አብሬው መታሁ። እትዬ ሙሉ ምንም አልሰሙም። በቃ፣ አምፕሊፋየሩ ይመለስ።

ብቻ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ቀና ስል ክፍሉ ጭር ብሏል። ያኔ ስጫወት ቀና ካልኩ አባዬን ነበር የማየው። «ሴት ልጅ ጊታር ትይዛለች?» ብለው ሽማግሌዎቹ ሲያጉረመርሙ፣ የሙዙን ሽያጭ ይዞ ሄዶ ይህን ቤዝ የገዛልኝ እሱ ነው። ከዚያ በየፕሮግራሙ የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ እጁን አጣምሮ፣ ማን ይናገራታል በሚል ዓይነት ይቀመጣል።

ቅዳሜ ላንቴ ሄጄ ላሰማው።

ቅዳሜ

ማቴዎስም ወደዚያው ሊሄድ ስለነበር አንድ ባጃጅ ይዘን ሄድን። የሚመለሰውን አምፕሊፋየር እግሩ ሥር አድርጎታል።

አባዬ ደጅ አግዳሚው ላይ ነበር። አቅፎ ሳመኝ። ጆሮው በጣም ደክሟል፤ ካልጮኹለት አይሰማም። ሄድፎኑን አደረግኩለትና የምስጋናውን ቀን መዝሙር መጫወት ጀመርኩ። ፊቱን አየዋለሁ። ምንም የለም።

«ጀምሪ እንጂ» አለኝ።

ጀምሬያለሁ እኮ! ድምፁን ጨመርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እንደ ትንኝ ነው፣ ልጄ» ብሎ አውልቆ መለሰልኝ። እንዳላዝን ብሎ ደግሞ «ዕቃው ጥሩ ነው» አለ። ማልቀስ አማረኝ።

ማቴዎስ አምፕሊፋየሩን አምጥቶ አግዳሚው ላይ፣ አባዬ አጠገብ አስቀመጠው። ሰካሁ። የመጀመሪያውን ወፍራም ድምፅ ስመታ አባዬ መዳፉን የአግዳሚው እንጨት ላይ አሳረፈ። እግሩ መምታት ጀመረ።

«ይሄን አውቀዋለሁ!»

በጋሞኛ መዘመር ጀመረ። ድምፁ ወጣ ገባ ይላል፣ ቃሉ ግን አንድም አልጠፋውም። እኔም ተከተልኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። የረሳው መስሎኝ ነበር። እግሩ ግን አልቆመም፤ ፊቱን ወደ ቤቱ በር አዙሮ ይጠብቃል። ያ ስንኝ የእናቴ ነበር። ካረፈች ወዲህ ማንም አልዘመረውም። ስንኙ እስኪያልፍ ቤዙ ብቻውን ሄደ። ከዚያ አባዬ ካቆመበት ቀጠለ።

ስንመለስ ማቴዎስ ባጃጁ ውስጥ «የቷን ልመልስ?» አላለኝም። ትንሿን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተታት።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ሙሉ ዘንድ ገባሁ። ስለ አባዬ ነገርኳቸው። «ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከሆነ ይሁን» አሉ። «ግን ረቡዕ እንዳደረግሽው አንድ ቦታ ላይ እየደጋገምሽ አታድክሚኝ። ዘልቀሽ ጨርሽው!» አስተማሪ መቼም አስተማሪ ነው።

አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው አራቅኩት፣ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፌ አደረግኩ። ድምፁን ቀነስኩ።

ሁለተኛውን ስንኝ እኔ ልዘምረው ወስኛለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እየመቱ መዘመር እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ አፌ ሲከፈት ጣቴ ይቆማል፣ ጣቴ ሲሄድ ቃሉ ይጠፋል። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ የእሷን ስንኝ ከዳር እስከ ዳር ዘለቅሁት።

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ሙሉ «ጎሽ!» ሲሉ ሰማሁ።

በምስጋናው ቀን በሰው ፊት እችለው እንደሆነ እንጃ። ዛሬ ግን ችያለሁ።