የገበያውን መንገድ ያሰመሩት መምህር የሕይወት ታሪክ

ሠፈሩ ሁሉ “መምህሩ” እያለ የሚጠራቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው፣ ከፖስታ አዳይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ነሐሴ 9 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ናቸው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። አምስቱም ባንድ አልጋ ይተኙ በነበረበት ጊዜ ሁሌ መሀል የሚደረጉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ከሌሉበት ሌሎቹ ሲራገጡ ነው የሚነጋው።

ይህን የምትጽፈው አራተኛዋ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህታቸው ናት። ከማረፋቸው አሥር ቀን በፊት “ታሪኬን አንቺ ጻፊው፤ ሌላ ሰው ያሞካሸዋል” ብለው አደራ ሰጥተዋታል። ቃሏን ለመጠበቅ ትሞክራለች።

መምህሩ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ አራት ዓመታት ጂኦግራፊ አስተማሩ። ካርታ ሳያዩ ሰሌዳ ላይ ይሥሉ ነበር። መልሱን ስቶ ምክንያቱን ላገኘ ተማሪ ግማሽ ማርክ ይሰጣሉ። በዚያች ግማሽ ማርክ አንድ ክፍል ተሻግሮ ዛሬ ሐኪም የሆነ ሰው እዚሁ መካከላችን ቆሟል፤ ስሙን አናነሳም።

በ1969 ዓ.ም. ነርስ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሳሎኑ ሲቀባ ባለቤታቸው ነጭ፣ እናታቸው አረንጓዴ ይሁን ብለው ቢከራከሩ፣ መምህሩ ግድግዳውን ከወገቡ በላይ ነጭ፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ አስቀቡት። ሁለቱም ሴቶች ቅር እንዳላቸው ቀሩ። ግድግዳው ግን ዛሬም እንደዚያው ነው።

በ1988 ዓ.ም. ዘጠኝ መቀመጫ ብቻ የነበረውን የመሀከለኛውን ፓርቲ ወክለው ምክር ቤት ገቡ፤ አራት ጊዜም ተመረጡ። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ተኳርፈው ምክር ቤቱ አራት ወር በተዘጋ ጊዜ፣ መሪዎቹ ባንድ ክፍል አንቀመጥም አሉ። መምህሩ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው፣ ከዚህ በር እዚያ በር እየተመላለሱ አስታረቋቸው። በጀቱ ጸድቆ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ሆስፒታሉም መድኃኒት አገኘ። በአንጻሩ የተከራዮችን ሕግ ለሁሉም እንዲጥም ሲሉ ጥርሱን አውልቀው ያሳለፉት እሳቸው ናቸው። ቤት የተከራየ ሰው ይህን አይረሳም። “መሀል ሰፋሪ” የሚለውን ስም በመጀመሪያ ግራዎቹ አወጡላቸው፣ ቀኞቹም ወደዱት። ሁለቱ ፓርቲዎች ያለ ድርድር የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው ይሉና ይስቁ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ገበያ አምቡላንስ አያሳልፍም ነበር። ዞሮ ለመሄድ አርባ ደቂቃ ስለሚፈጅ መንገድ ላይ የወለዱ እናቶች ብዙ ናቸው። አንዱ ወገን ገበያው በሙሉ ይነሣ፣ ሌላው አንድ ሱቅ እንዳይነካ አለ። መምህሩ በመሀል ጠባብ መንገድ ይውጣ፣ የቀረው ይቆይ ብለው ሁለቱንም አሳመኑ። የመሐንዲሱን ካርታ ግን አላመኑትም። በ2006 ዓ.ም. አንድ እሑድ ታናሽ እህታቸው ሱቅ ገብተው፣ አንገቷ ላይ ያለውን የልብስ ሜትር ተውሰው፣ በጉልበታቸው እየተንበረከኩ ገበያውን ቀኑን ሙሉ ለኩት። ሰው ሳቀባቸው፤ እሷም ስቃለች።

በዚያ ልክ የእህታቸው ሱቅ፣ ከጎኗ ካሉት ከሰዓት ሠሪው፣ ከጫማ ሰፊውና ከጨርቅ ሻጯ ሱቆች ጋር ይተርፍ ነበር። ወዲያው “ለእህቱ አዳላ” የሚል ወሬ ተነሣ። መምህሩ ማንንም ሳያማክሩ መስመሩን አራት ሜትር አዛወሩት። አራቱም ሱቆች ፈረሱ። እህታቸው ሌላ ቦታ ተከራየች፤ ሰዓት ሠሪው ግን አርጅተው ስለነበር እንደገና ሳይከፍቱ በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ። የሰውየው ጥፋት የመምህሩ እህት ጎረቤት መሆናቸው ነበር።

እህታቸው “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ” አለቻቸው። እሳቸውም አልረገጡም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱሪያቸው ለማሳጠር ሲመጣ ይዘውት የሚገቡት ባለቤታቸው ናቸው፤ መምህሩ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። ባሰመሩት መንገድም አንድ ቀን አልሄዱበትም፤ እየዞሩ ነበር የሚሄዱት።

ከዕለታት አንድ ቀን ሱሪው “ወገቡን አጥብቢው” ተብሎ መጣ፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር። በወሩ ሌላ ሱሪ፣ አራት ሴንቲ ሜትር። ሦስተኛው ሲመጣ እህታቸው መቀሷን አስቀምጣ፣ ሱቋን ዘግታ፣ ቤታቸው ሄደች። ሐኪሞቹ የጉበት ሕመም መሆኑን የነገሯቸው በዚያው ሳምንት ነበር።

ሳሎን፣ ከነጩና ከአረንጓዴው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው፣ “ያ አራት ሜትር ለከተማው አልነበረም፤ ለስሜ ነው” አሏት። “ለሰዓት ሠሪው ይህን ሳልነግራቸው ሞቱብኝ።” እህታቸው አላባበለቻቸውም። ሻይ አፍልታ አብራቸው ጠጣች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትሄድ ነበር፤ ብዙም ሳቁ።

የመጨረሻው ሕመም ሲጠናባቸው አምቡላንሱ በገበያው መንገድ ወሰዳቸው። እህታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

“የት ደረስን?” አሏት።

“ሱቄ የነበረበት ጋ።”

ዓይናቸውን ገለጡ። “ይኸው፣ ሳትፈቅጂልኝ ገባሁ።”

“ግባ ጋሼ” አለቻቸው። “ቤትህ ነው።”

በስድስት ደቂቃ ሆስፒታል ደረሱ። በዚያ መንገድ በሰላም የተወለዱ ሕፃናት ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ሰዓት ሠሪው ደግሞ የሉም። ታናሽ እህታቸው ሁለቱንም ትይዛለች፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ሙሉ ማርክ አልሰጠቻቸውም፤ ከግማሹ ግን ከፍ አድርጋለች፣ እሷም ቅር አላላትም።

መምህሩ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ አንድ ታላቅ ወንድማቸውና ታናሽ እህታቸው በሕይወት አሉ። ፈጣሪ ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና። ለእሳቸውም ከመንገዱ ማዶ ሳያቆም በሩን ይክፈትላቸው።